የፕላስቲክና የብረት ክፍሎች በዘመናዊ መኪና ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዘመኑን መኪና ኮፈን ከፍቶ ያየ ሰው ብረት ይጠብቅበት የነበረው ቦታ ሁሉ በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኖ ሲያገኘው መጠራጠሩ አይቀርም። ጥርጣሬው በከፊል ትክክል ነው፤ ነገር ግን አንድ ክፍል ከምን እንደተሠራ ብቻ ማወቅ ስለ ዕድሜው የሚነግረን ጥቂት ነው። ፕላስቲክ የሚያረጀው መኪናው በተጓዘው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ራሱ ባሳለፈው ሙቀትና ዓመት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ክፍሉ የት እንደተቀመጠ፣ ምን እንደሚነካውና ስንት ዓመት እንደቆየ ይጠይቃሉ።

ፋብሪካዎች ብረቱን በፕላስቲክ የሚተኩት ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ ነው?

ገንዘቡ አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም። በአሉሚኒየም ቢሠራ ተቀልጦ ከፈሰሰ በኋላ መበሳት፣ መላግና ጥርስ ማውጣት የሚያስፈልገውን ውስብስብ ቅርጽ፣ ፕላስቲክ ከነማሰሪያውና ከነቱቦ መግጠሚያው በአንድ ጊዜ ከቅርጽ ማውጫው ያወጣዋል። ክብደቱም ቀላል ነው፤ ለሞተር ክፍሎች የሚውለው በመስታወት ክር የተጠናከረ ናይለን መጠኑ እኩል የሆነ አሉሚኒየም ከሚመዝነው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይመዝናል።

ይሁን እንጂ ፕላስቲኩ በራሱ የተሻለ የሆነባቸው ቦታዎችም አሉ። አየርን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን ቱቦ፣ ማለትም የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድን እንውሰድ። የአሉሚኒየም ማኒፎልድ የሞተሩን ሙቀት ወደሚገባው አየር ያስተላልፋል፤ የፕላስቲኩ ግን ብዙም ስለማያስተላልፍ አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ይገባል፣ የውስጥ ግድግዳውም ልስልስ ስለሆነ ፍሰቱን አያውክም። በብዙ ቪትዝና ኮሮላ ላይ የሚገኘው 1ኤንዚ-ኤፍኢ የተባለው የቶዮታ ሞተር የአየር ማስገቢያው ፕላስቲክ ነው፤ በዚህ ክፍል ምክንያት መንገድ ላይ ቆመ የሚባል መኪና እምብዛም አይሰማም። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ በውስጡ የሚያልፈው አየር እንጂ የፈላ ውሃ አይደለም።

ፕላስቲክ የሚባለው ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም። ፓራውልት በአብዛኛው ከፖሊፕሮፒሊን፣ የነዳጅ ሰልባትዮ ከፖሊኤቲሊን፣ ሞተር ላይ የሚገጠሙት ደግሞ ከናይለን ይሠራሉ። በክፍሉ ጀርባ ላይ «ፒኤ66-ጂኤፍ30» የሚል ምልክት በላቲን ፊደል ተቀርጾ ካገኙ፣ ናይለን 66 ሆኖ ከክብደቱ 30 በመቶው የመስታወት ክር ነው ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ የሚቀልጠው 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ፣ ሞተር ሲሞቅ ፕላስቲኩ ይቀልጣል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። ችግሩ መቅለጥ ሳይሆን ቀስ በቀስ መድረቅና መሰባበር ነው።

ታዲያ ቀድሞ የሚሰበረው የትኛው ክፍል ነው? ለምንስ?

የማቀዝቀዣው ሥርዓት ነው፤ ይኸውም የራዲያተሩ የላይና የታች ወይም የግራና የቀኝ ሳጥኖች፣ የቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው መንገድ የሚከፍተው መቆጣጠሪያ) ቤት፣ የኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) ማጠራቀሚያው፣ የቱቦ መገጣጠሚያዎችና በአንዳንድ ሞተሮች የውሃ ፓምፑ መቅዘፊያ። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ሙቀት፣ ውሃ፣ ግፊትና የማሰሪያ ጭንቀት በአንድ ላይ ይገናኛሉ፤ ናይለን ደግሞ አንድ በአንድ ቢመጡበት የሚችላቸውን እነዚህን ነገሮች አራቱም ሲተባበሩበት ለዘለቄታው አይችልም።

የመጀመሪያው ጠላት ሙቅ ውሃ ነው። ናይለን በፋብሪካ ሲሠራ ትናንሽ ሞለኪውሎች ውሃ እያስወጡ እርስ በርስ በመያያዝ ረጅም ሰንሰለት ይሠራሉ። ሙቅ ኩላንት ውስጥ ለዓመታት ሲቀመጥ ይህ ሂደት ወደ ኋላ ይዞራል፤ ውሃው ሰንሰለቱን መልሶ ይበጣጥሰዋል። ሰንሰለቱ ባጠረ ቁጥር ፕላስቲኩ እንደ ድሮው መታጠፍና መለጠጥ ይሳነዋል፤ ቀለሙ ከጥቁር ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ በመጨረሻም መካኒኩ ቱቦውን ሲነቅል መግጠሚያው እጁ ላይ ይቀራል። ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ መበጣጠስ ስለሚፋጠን፣ ዘወትር ሙቀቱ ከፍ ብሎ የሚሠራ ሞተር ፕላስቲኮቹን ከሌላው ቀድሞ ይጨርሳቸዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመለጠጥ ልዩነት ነው። ያልተጠናከረ ናይለን ሲሞቅ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ በላይ ይለጠጣል፤ የመስታወት ክሩ ይህን ቢቀንሰውም፣ የሚቀንሰው ክሩ በተዘረጋበት አቅጣጫ እንጂ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ፕላስቲኩና አጠገቡ ያለው ብረት እኩል ስለማይንቀሳቀሱ በመካከላቸው ያለው ጎሚኒ ይታሻል። ሦስተኛው ደግሞ ፕላስቲክ የማያቋርጥ ጫና ሲኖርበት ቀስ እያለ ቅርጹን ስለሚለውጥ፣ በትክክለኛው ኃይል የታሰረ ብሎን ከዓመታት በኋላ ልል ሆኖ መገኘቱ ነው። ብዙ ፋብሪካዎች በብሎን ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ የብረት ቀለበት የሚያስገቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ መካኒክ ይህን ቀለበት ጥሎ ቢያስር ወይም «ጠበቅ ይበል» ብሎ ከልክ በላይ ቢያጠብቀው ክፍሉ ብዙ አይቆይም።

ከሁሉም የከፋው የሚያስከትለው ወጪ ነው። የተሰነጠቀው ነገር ራሱ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ኩላንቱ ፈስሶ አሉሚኒየም ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ከሞቀና ከተጣመመ ሞተር ማስወረድ ይመጣል። መኪና በፕላስቲክ ምክንያት «ሞተ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሞተው ብረቱ ነው፤ ፕላስቲኩ ያደረገው በሩን መክፈት ብቻ ነው።

ይህ በእርግጥ የደረሰባቸው የታወቁ መኪናዎች አሉ?

በደንብ የታወቁ አሉ። በአሜሪካ የፎርድ 4.6 ሊትር ቪ8 ሞተር፣ ክራውን ቪክቶሪያንና ሊንከን ታውን ካርን በመሳሰሉት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2001 ባሉት ሞዴሎች የተገጠመው፣ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱ ሙሉ በሙሉ ናይለን ነበር። የሚገርመው የአየሩ ክፍል ደህና መሆኑ ነው። የተሰነጠቀው ከፊት ለፊት ኩላንት ከአንዱ ቴስታታ ወደ ሌላው የሚሻገርበት መተላለፊያ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ በስምምነት ተቋጨ። በተሻሻለው ምትክ ላይ አየር የሚያልፍበት ፕላስቲክ እንዳለ ቀርቶ ውሃ የሚያልፍበት መተላለፊያ ብቻ ወደ አሉሚኒየም ተቀየረ። የፕላስቲክን ዕድሜ የሚወስነው የሚነካው ነገር ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በክራይስለር፣ በዶጅና በጂፕ መኪናዎች ላይ ያለው 3.6 ሊትር የፔንታስታር ቪ6 ሞተር ደግሞ የዘይት ማጣሪያውና የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቀመጡበት ቤት ፕላስቲክ ሲሆን፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ካለው ሞቃት ሸለቆ ውስጥ ተቀምጦ መሰንጠቅና ዘይት ማፍሰስ የተለመደ ሕመሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የቢኤምደብሊው ባለ 3 ቁጥር መኪናዎች ላይ የነበረው የውሃ ፓምፕ ፕላስቲክ መቅዘፊያ ደግሞ ሲሰበር አንዲት ጠብታ ውሃ ከውጭ ሳይታይ ዝውውሩ ብቻ ስለሚቆም፣ ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው የሙቀት መለኪያው ሲወጣ ነበር።

ከውሃ ውጪ፣ ዘይት ውስጥ ያለ ፕላስቲክስ?

የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እንቅስቃሴ የሚያቀናጀውን የታይሚንግ ሰንሰለት የሚመሩትና የሚወጥሩት መደገፊያዎች ብዙውን ጊዜ ፊታቸው ፕላስቲክ ነው። ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ ረጅም ዘመን ያገለግላሉ፤ ካልተቀየረ ደርቀው ይቆራረጣሉ፣ ስብርባሪያቸውም ወደ ዘይት ፓምፑ መሳቢያ ይወርዳል። የፎርድ ኤክስፕሎረር 4.0 ሊትር ባለ አንድ ካምሻፍት ሞተር በዚህ ስሙ የተነሣ ነው፤ አንደኛው ሰንሰለት በሞተሩ ጀርባ በኩል ስለሆነም ለመቀየር ሞተሩን ማውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሰንሰለት ስለሆነ እንደ ቺንጋ አይቀየርም» ተብሎ የሚነገረው ዘይቱን በጊዜው ለሚቀይር ባለቤት ብቻ የሚሠራ አባባል ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ኩላንት ትቼ ንጹሕ ውሃ ብጠቀም ምን ይሆናል?

ኩላንትን ከብርድ መከላከያ ብቻ አድርጎ የማየት ልማድ አለ፤ በረዶ በሌለበት አገር አያስፈልግም የሚለው ድምዳሜ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ኩላንት የሚሠራው ዋና ሥራ ግን የብረት ዝገትን መከላከልና የመፍያ ነጥቡን ከፍ ማድረግ ነው። ንጹሕ ውሃ ብረቱን ያዝጋል፣ አሉሚኒየሙን ይበላል፤ የተነሣው ዝቃጭም የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ስለሚዘጋ ሞተሩ ዘወትር ከልኩ በላይ እየሞቀ ይሠራል፣ በዚያው መጠን ፕላስቲኮቹ ያረጃሉ።

የከፍታው ነገር ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በክፍት ዕቃ ውስጥ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞስታት ደግሞ በብዙ መኪናዎች ላይ መክፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። በመካከላቸው ያለውን ጠባብ ልዩነት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ብቻ ነው፤ ደህና ክዳን ካለ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ጎሚኒው ያረጀና ግፊት የማይዝ ክዳን ባሕር ዳርቻ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ እንጦጦ ዳገት ላይ ግን ወዲያው ይታወቃል። ከመለዋወጫ ሁሉ ርካሹ ይህ ክዳን ሆኖ ሳለ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት መሆኑ ያስቆጫል። በተቃራኒው፣ ውሃው እንዳይፈስ ተብሎ ከመኪናው ልክ በላይ ግፊት የሚይዝ ክዳን መግጠም ባረጀ የፕላስቲክ ሳጥን ላይ ጫና መጨመር ስለሆነ አይመከርም።

የኩላንት ቀለም የፋብሪካ ምርጫ እንጂ የዓይነት መለያ ደረጃ አይደለም፤ ሁለት ቀይ ኩላንቶች ሙሉ በሙሉ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። መመልከት ያለብዎት ቀለሙን ሳይሆን በዕቃው ላይ የተጻፈውን መስፈርት ነው።

የላዳ ራዲያተር ሲያፈስ ይበየድ ነበር። የአሁኑ ለምን አይበየድም?

የላዳው ራዲያተር ከመዳብና ከናስ የተሠራ ስለነበር ቀልጦ በሚፈስ ቆርቆሮ ይያያዛል፤ ያፈሰሰውን ቦታ አጽድቶ መበየድ የሚችል ባለሙያ በየሰፈሩ ነበር። የዘመኑ ራዲያተር ግን መሐሉ አሉሚኒየም፣ ጫፎቹ ናይለን ሆነው በመካከላቸው ጎሚኒ ተደርጎ የአሉሚኒየሙ ጥርሶች በፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ ታጥፈው የሚይዙት ነው። ጥርሶቹን ከፍቶ ሳጥኑን መቀየር ይቻላል፤ አንዳንድ ጋራዦችም ያደርጉታል፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ የተከፈተ ጥርስ ሁለተኛ ሲታጠፍ ይደክማል። በስንጥቁ ላይ የሚቀባ ማጣበቂያ ደግሞ ቤት እስኪደረስ የሚያገለግል መላ እንጂ ጥገና አይደለም፤ ፕላስቲኩ የተሰነጠቀው ሙሉ በሙሉ ስለደረቀ ነውና ነገ ከአጠገቡ ይሰነጠቃል።

እዚህ ላይ የድሮው ብረት የሚበልጥበት ነገር ግልጽ ነው፦ ላዳው አይበላሽም ነበር ማለት ሳይሆን ሲበላሽ በእጅ ባለ መሣሪያ ይጠገን ነበር ማለት ነው። የማይበላሽ መሆንና የሚጠገን መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ፣ «የድሮ መኪና ጠንካራ ነው» በሚለው ንግግር ውስጥ ሁልጊዜ ይደባለቃሉ።

ብረትስ አያረጅም?

ያረጃል፤ አንዳንዴም ከፕላስቲክ በከፋ ሁኔታ። ቶዮታ በአሜሪካ የታኮማና የሌሎች መኪናዎቹ ሻንሲ በዝገት ተበልቶ ስለተገኘ እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ የፍርድ ቤት ስምምነት ለመፈጸም ተገድዷል። ሚኒሶታ ውስጥ ለሚኖር አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም፤ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የፍሬን ቱቦን፣ ማርሚታንና ሻንሲን ሲበላ የፕላስቲክ ሰልባትዮውን ግን አይነካውም። የብረት ሰልባትዮ ከውስጥም ጭምር ይዝጋል፣ ከነዳጁ የሚለየው ውሃ ከሥር ስለሚተኛ። በዚህ ክፍል ላይ ፕላስቲክ ያለ ምንም ክርክር አሸንፏል።

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ባሉት የኒሳን ፓዝፋይንደር ሞዴሎች ላይ የደረሰውም የሚጠቀስ ነው። በራዲያተሩ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ብረት ተሰንጥቆ ኩላንቱን ከአውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይት ጋር ሲያደባልቀው ካምቢዮው አብሮ ይሞት ነበር፤ የከዳው በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ አልነበረም። የምሥራቅ ጀርመኑ ትራባንት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1991 ሲመረት ውጫዊ አካሉ በጥጥ ተረፈ ምርት ከተጠናከረ ሙጫ የተሠራ ስለነበር አይዝግም ነበር፤ ከሥሩ የነበረው የብረት አጽም ግን ይዝግ ስለነበር ከውጭ ደህና የሚመስል መኪና ከውስጥ አልቆ ይገኝ ነበር።

የፕላስቲክ ፓራውልት በቀላሉ መሰበሩ ለደኅንነት አያሰጋም?

አያሰጋም። የሚታየው ፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ ግጭቱን የሚቀበለው ከኋላው ያለው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ድጋፍና ከዚያም የሚጨማደደው የአካሉ ክፍል ነው። ሲጠግኑ ግን ሽፋኑን ብቻ አስቀይረው የተጣመመውን ድጋፍ እንዳለ እንዳይተዉት።

ከዱባይ የመጣ፣ ትንሽ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና ፕላስቲኮቹ ደህና ናቸው ማለት ይቻላል?

ኪሎ ሜትሩ ትክክል ቢሆን እንኳ መልሱ አይቻልም ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋ መኪና ቆሞም ይጋገራል፤ መንገዱ ተጨናንቆ የአየር ማቀዝቀዣው (ኤሲው) ሙሉ ቀን ሲሠራ የሚያልፉት የሙቀት ሰዓቶች በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ አይጻፉም። የአሥር ዓመት መኪና 60,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድም የራዲያተሩ ሳጥን አሥር ዓመት ሞልቶታል። ከዚህ ይልቅ ደጋ ላይ በቀጥታ መንገድ 150,000 የሄደ፣ ኩላንቱ በጊዜው የተቀየረለት መኪና ሊሻል ይችላል።

ሲገዙ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ያስከፍቱና ፈሳሹን ይዩት፤ ዝገት የመሰለ ውሃ ከሆነ የቀረውን መጠየቅ አያስፈልግም። የላይኛው ሳጥን ጥቁር ነው ወይስ ቡናማ ሆኗል? ሳጥኑ ከአሉሚኒየሙ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ደርቆ የቀረ ነጭ፣ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቅሪት አለ? በኩላንት ማጠራቀሚያው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይታያሉ? እነዚህን ለማየት የባትሪ መብራት በቂ ነው።

የፕላስቲኩን ክፍል አሉሚኒየም ወደሆነ ምትክ ብቀይረው ይበጃል?

በተወሰኑ ክፍሎች አዎ። ከላይ የተጠቀሰው የፔንታስታር የዘይት ማጣሪያ ቤትም ሆነ የአንዳንድ ጀርመን ሠራሽ ሞተሮች የቴርሞስታት ቤት በአሉሚኒየም ተሠርቶ ይሸጣል፤ ፊቱ በትክክል የተላገና ጎሚኒው ጥሩ ከሆነ ልዩነቱ ይታያል። ነገር ግን አሉሚኒየም መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ፊቱ ጠፍጣፋ ያልሆነ ርካሽ የብረት ቤት ከመጀመሪያው ቀን ያፈስሳል፤ ውሃ ብቻ በሚሞላበት መኪና ላይ ደግሞ አሉሚኒየሙ ራሱ ይበላል። በእኔ ግምት፣ ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከማይታወቅ የብረት ምትክ ይልቅ የፋብሪካውን ፕላስቲክ በአዲስ መተካትና በቀረው ትክክለኛ ኩላንት መሙላት ይሻላል።

በኤሌክትሪክ መኪና ይህ ሁሉ ቀረ ማለት ነው?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ጥያቄው እየበዛ ነው። ኤሌክትሪክ መኪናም ራዲያተር፣ ፓምፕ፣ ኩላንትና ብዙ የፕላስቲክ ቱቦዎች አሉት። የባትሪው ኩላንት ግን ከነዳጅ ሞተር ኩላንት እጅግ ባነሰ ሙቀት ስለሚሠራ ናይለኑን የሚበጣጥሰው ሂደት በዚያው መጠን ይዘገያል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በሌላ አቅጣጫ ነው፦ አንዳንድ አምራቾች ለባትሪው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የተለየ ኩላንት ስለሚያዙ፣ በየሱቁ የተገኘውን ወይም የቧንቧ ውሃ መጨመር ከነዳጅ መኪናው ይልቅ እዚህ ይከፋል። ከሥር ያለው የፕላስቲክ መሸፈኛም በኮብልስቶንና በጉድጓድ ሲቀደድ ችላ ሊባል አይገባም፤ ጠጠርና ጭቃ ከባትሪው ቤትና ከቱቦዎቹ የሚያርቀው እሱ ነው።

ታዲያ ሳይሰበሩ በፊት የሚቀየሩት የትኞቹ ናቸው? መቼስ?

ሁሉንም ፕላስቲክ መቀየር አያስፈልግም፤ የአየር ማስገቢያውን፣ ሰልባትዮውንና የውስጥ ሽፋኖችን ተዉአቸው። ኩላንቱን አምራቹ በመመሪያው ባስቀመጠው ጊዜ ይቀይሩ፤ የራዲያተሩን ክዳን ከኩላንቱ ጋር አብረው ይለውጡ። የውሃ ፓምፕ ሲቀየር ቴርሞስታቱንና ፕላስቲክ የሆነውን ቤቱን ማሳለፍ ወጪ ማዳን አይደለም፣ ምክንያቱም የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ያው ነው። መኪናው አሥር ዓመት ካለፈውና የራዲያተሩ ሳጥን ቡናማ ከሆነ፣ ወደ ክፍለ ሀገር ረጅም ጉዞ ከመነሣትዎ በፊት ራዲያተሩን ይቀይሩት። በጉዞ ላይ መለኪያው ከወጣ ግን «እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ» ሳይሉ ወዲያው ቆመው ሞተሩን ያጥፉ፤ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝም ክዳኑን አይንኩት።